«ፎልደር ይበቃናል» ላሉት፦ ይሄን ቁጥር ያወጣው የትኛው ኮድ ነው?

ሰሞኑን ለረጅም ዓመት ላብ (ቤተ ሙከራ) ያስተዳደሩ አንድ ሰው ስለ ጊት፣ የኮድ ለውጥን ታሪክ ስለሚመዘግበው ፕሮግራም፣ «ጊት ለላብ ትርፍ ሸክም ነው» ብለው የጻፉትን አነበብኩት። አንዴ ተናድጄ፣ አንዴ ደሞ ቀዝቀዝ ብዬ። ላላነበባችሁት ሐሳባቸው ባጭሩ ይሄ ነው፦ ላብ ውስጥ ያለ ሰው ሥራው መለካት ነው እንጂ ፕሮግራም መጻፍ አይደለም፣ ስለዚህ ቀን የተጻፈበት ፎልደር ይበቃዋል፤ ባክአፕ ደሞ አለን፤ የላብ ሶፍትዌር ግማሹ ላብቪው (በሥዕል ፕሮግራም የሚጻፍበት)፣ ዳታውም ከባድ ስለሆነ ጊት አይሠራበትም፤ ኦፕን ሶርስ (ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ ሶፍትዌር) ሲበላሽ የሚጠየቅ ባለቤት የለውም፤ ሴኩሪቲው ያሰጋል፣ ሥራችንም ይሰረቃል፤ ኦዲተር አይቀበለውም፤ ተማሪም ይሄን ሁሉ የሚማርበት ጊዜ የለውም። ሰባት ነጥብ መሆኑ ነው።

የኔ ሥራ የላብ ዕቃ የሚያዝ ኮድ መጻፍ ነው። ፓምፕ፣ ቴርሞሜትር፣ ስፔክትሮሜትር፣ ካሜራ፣ የመጣውን ሁሉ። እና ዝም ብዬ ማለፍ አቃተኝ። ከመጀመሬ በፊት ግን አንድ ነገር ልመን፣ ከሰባቱ ሁለቱ ላይ ጸሐፊው እውነት አላቸው፣ ስደርስ እናገራለሁ።

«ቀን የተጻፈበት ፎልደር ይበቃል።»

የቀሩት ነጥቦች ሁሉ ከዚህ ስለሚወለዱ እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ። እኔም እንደዛ ነበር የምሠራው። የሆነ ላብ ውስጥ፣ የትኛው እንደሆነ ይቅር፣ አራት ሰዎች አንድ የመለኪያ ኮምፒውተር እንጋራ ነበር፣ ፎልደሩን ስትከፍተው «መለኪያ_ፋይናል» አለ፣ «መለኪያ_ፋይናል2» አለ፣ «መለኪያ_አዲሱ_ይሄን_ተጠቀሙ» አለ፣ እሱ ውስጥ ደሞ «አሮጌ» የሚባል ፎልደር አለ፣ አሮጌው ውስጥ ያለው ስክሪፕት ከአዲሱ ይልቅ አዲስ ነው። ስቃችሁ ይሆናል፣ የእናንተን ኮምፒውተር ግን ሄዳችሁ እዩት።

ሴንሰራችን ፒቲ100 የሚባለው የፕላቲነም ቴርሞሜትር ነበር፣ 0 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ 100 ኦም የሚያሳየው። ያንን ኦም ወደ ዲግሪ የሚቀይረው ስሌት ውስጥ አንድ ኮፊሸንት አለ፣ አሁን በብዛት የምናገኘው ሴንሰር 0.00385 ነው፣ በድሮው የአሜሪካ ኩርባ የተሠራ ደሞ 0.00392 የሆነ ያጋጥማል። አንድ ቀን ሴንሰሩ ተበላሽቶ ከመሳቢያ የተገኘ አሮጌ ሴንሰር ተገጠመ፣ አንዱ ልጅ ቁጥሩን ወደ 0.00392 ቀየረው፣ ትክክል ነው፣ ለዛ ሴንሰር መቀየር ነበረበት። ከሁለት ሳምንት በኋላ አዲስ ሴንሰር መጣ፣ ተገጠመ፣ ቁጥሩ ግን ሳይመለስ ቀረ።

ስህተቱ ምን ያህል ነው? 100 ዲግሪ ላይ ወደ 2 ዲግሪ ገደማ ዝቅ አድርጎ ያነባል። ግራፉ አይበላሽም፣ ኩርባው ያምራል፣ ማንም አያየውም። ያየነው ከሦስት ወር በኋላ ነው፣ እሱም በአጋጣሚ፣ አንዷ የሚፈላ ውሃ ውስጥ ከትታው «ይሄ ነገር 98 ነው የሚለው» ስትል። ከዛ ጉድ ፈላ። የትኛው መለኪያ በየትኛው ቁጥር እንደተሠራ ማወቅ አልቻልንም። ፎልደሩ ላይ ቀን አለ፣ ግን ያ ቀን ፎልደሩ የተፈጠረበት ነው። ፋይሉ ላይ ያለው ሰዓት ደሞ ከኮምፒውተር ኮምፒውተር ኮፒ ሲደረግ ተቀይሯል። ቁጥሩን የቀየረው ልጅ ተመርቆ ሄዷል፣ ደወልንለት፣ «አዎ ቀይሬ ነበር፣ መቼ እንደሆነ ግን...» አለ። ስድስት ሳምንት መልሰን ለካን።

እንግዲህ ጸሐፊው «ጊት ኮድ የሚጽፉ ብዙ ሰዎች ተጋፍተው እንዳይሠሩ ነው የተፈጠረው፣ እኛ ጋ የሚጽፈው አንድ ሰው ነው» ይላሉ። አፈጣጠሩ ላይ ልክ ናቸው። የሊኑክስ ፈጣሪ ሊነስ ቶርቫልድስ በ2005 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) የጻፈው የሊኑክስ ከርነል ሰዎች ለዚሁ ሥራ ይጠቀሙበት የነበረው ቢትኪፐር የሚባል ፕሮግራም ነፃ ፈቃዱ ሲነሳባቸው ነው፣ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ለሚነካው ኮድ። ላብ ግን የሚፈልገው ሌላ ነገር ነው። ይሄ ዳታ ፋይል፣ ይሄ እዚህ ዲስክ ላይ የተቀመጠው፣ የወጣው በየትኛው ኮድ ነው? ይሄን ብቻ መመለስ ከቻለ እኔ ሌላውን ሁሉ ብራንች ምናምን ባላውቀውም አይቆጨኝም።

ጊት ውስጥ እያንዳንዱ ኮሚት (ታሪኩ ውስጥ የተመዘገበ አንድ ለውጥ) 40 ፊደልና ቁጥር ያለው መለያ አለው፣ መለያው የሚሰላው ከይዘቱና ከሱ በፊት ከነበረው ኮሚት መለያ ነው፣ ስለዚህ አንድ ነጥብ ብትቀየር መለያው ሌላ ይሆናል። የመለኪያ ስክሪፕቱ ሲነሳ ያንን መለያ አንብቦ ዳታ ፋይሉ አናት ላይ ይጽፈዋል። በቃ። ሁለት ሦስት መስመር ኮድ ነው። ኮሚት ያልተደረገ ለውጥ ካለም «ጊት ዲስክራይብ» የሚባለው ትዕዛዝ፣ እንዲያደርግ ካዘዙት፣ «ደርቲ» የሚል ምልክት ይለጥፍበታል። አንዳንዱ ሰው «ደርቲ ከሆነ ፕሮግራሙ አልነሳም ይበል» ይላል፣ እኔ አልስማማም። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ሳምፕሉ እየቀዘቀዘ ፕሮግራሙ አልነሳም ቢላችሁ ያንን ቼክ ነቅላችሁ ነው የምትጥሉት። ይነሳ፣ ግን «ደርቲ» ብሎ ይጻፍ፣ ልዩነቱንም ዳታው አጠገብ በፋይል ያስቀምጥ። እኛ ይሄን ቀድመን አድርገን ቢሆን ኖሮ ስድስቱ ሳምንት የአንድ ከሰዓት ሥራ ነበር፣ የፋይሎቹን አናት አንብቦ በሁለት ክምር መለየት።

ሳልረሳው፣ «ጊት ባይሴክት» የሚባል ነገርም አለ። ድሮ ይሠራ የነበረ ኮድ አሁን የተሳሳተ ቁጥር ሲያወጣ መሃል ላይ ያለውን ኮሚት እያወጣ «ይሄኛው ደህና ነው ወይስ ተበላሽቷል» ይላችኋል፣ እየገመሰ ይሄዳል፣ 1000 ኮሚት ቢኖር 10 ጊዜ ገደማ ሞክራችሁ የተበላሸበትን ታገኙታላችሁ። ከ«ፋይናል2» እና ከ«አዲሱ» መሃል ይሄን ፈልጉ ብትባሉ ወገብ ይቆርጣል።

«ባክአፕ አለን እኮ።»

ጥሩ፣ ይኑራችሁ። ባክአፕ ዲስኩ ላይ ያለውን ነው የሚያተርፈው፣ ስህተቱንም ጨምሮ። ብዙዎቹ ደሞ ከተወሰነ ቀን በላይ የቆየውን እየሰረዙ ነው የሚሄዱት፣ የኛ ስህተት ሲታወቅ ሦስት ወር አልፎት ነበር። በተቃራኒውም አንድ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ያለ ጊት ባክአፕ አይደለም፣ ዲስኩ ሲሞት አብሮ ይሞታል። ሁለቱም ያስፈልጋሉ፣ ይሄ ክርክር አያስፈልገውም።

«ላብቪው ላይ አይሠራም፣ ዳታውም ይከብደዋል።»

አንደኛው እውነት አላቸው ያልኩት እዚህ ነው። ላብቪው ከ1986 ጀምሮ ያለ ነገር ነው፣ ሥዕል እየሣሉ ፕሮግራም መጻፍ፣ ፋይሉ ደሞ ባይነሪ ነው፣ እንደ ጽሑፍ አይነበብም፣ ስለዚህ ጊት «መስመር 14 ላይ ይሄ ተቀየረ» ብሎ ሊያሳያችሁ አይችልም፣ ሁለት ሰው አንዱን ፋይል ከቀየረ መርጅ ማድረግ (ሁለቱን ለውጥ ማዋሃድ) ስቃይ ነው። አይቼዋለሁ፣ አልክድም።

ግን አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ሆነብኝ። ከላይ ያወራሁት ሁሉ፣ መለያው፣ ታሪኩ፣ ወደ ኋላ መመለሱ፣ ማን መቼ ለምን ቀየረ የሚለው፣ ለባይነሪ ፋይልም ይሠራል። የማይሠራው ዲፉ (የተቀየረውን መስመር ማሳየቱ) እና መርጁ ነው። ለሱም ላብቪው ራሱ ማወዳደሪያና መርጅ ማድረጊያ የሆኑ ዕቃዎች አሉት፣ ከጊት ጋር ማያያዝ ይቻላል። በዛ ላይ የተኮምፓየለውን (ወደ ማሽን ቋንቋ የተተረጎመውን) ኮድ ከሶርሱ ለይቶ የሚያስቀምጥ ሴቲንግ አለው፣ እሱን ካላበራችሁ አንድ ፋይል ከፍታችሁ ስትዘጉ ሌላ ሃያ ፋይል ተቀየረ ይላችኋል፣ ብዙ ሰው «ጊት ላብቪውን አይወድም» ብሎ የሚሸሸው በዚህ ሴቲንግ ምክንያት ይመስለኛል። ከዛ ውጪ አንድ ፋይል ባንድ ጊዜ አንድ ሰው ብቻ ይንካ የሚል ሕግ አውጡ፣ ጊት ኤልኤፍኤስ የሚባለው ለትልልቅ ፋይል የተሠራ የጊት ተጨማሪ ያለው ፋይል መቆለፊያ ለዚሁ ያገለግላል።

ዳታውን በተመለከተ ልክ ናቸው፣ ጥሬ ዳታ ጊት ውስጥ አይግባ። የጊት ኮድ በኢንተርኔት የሚቀመጥበት ጊትሃብ ራሱ ከ100 ሜጋባይት የበለጠ ፋይል አይቀበልም። ግን ማን አስገቡ አላቸው? ኮዱ ጊት ውስጥ፣ ዳታው ሰርቨር ላይ፣ ዳታው አናት ላይ የኮዱ መለያ፣ ይሄ ነው አቀማመጡ። ዳታውም ታሪክ ይኑረው ካላችሁ ጊት-አኔክስና እሱ ላይ የተሠራው ዳታላድ አሉ። ጁፒተር ኖትቡክ የምትጠቀሙ ደሞ ውጤቱንና ሥዕሉን ሁሉ ፋይሉ ውስጥ ስለሚያስቀምጥ ዲፉ አይነበብም፣ ኮሚት ከማድረጋችሁ በፊት ውጤቱን የሚያራግፍ ኤንቢስትሪፕአውት የሚባል ትንሽ ዕቃ አለ፣ አንዴ ኢንስቶል አድርጋችሁ እርሱት።

«ኦፕን ሶርስ ሲበላሽ ማንን እንጠይቃለን?»

ይሄ ነጥብ ላይ ጸሐፊው ረጅም አንቀጽ ነው የጻፉት፣ እኔም ልርዘም። ሐሳባቸው ገንዘብ የተከፈለበት ሶፍትዌር ባለቤት አለው፣ ስልክ አለው፣ ሲበላሽ ይስተካከላል የሚል ነው።

ኤክሴልን እንውሰድ። ከሱ የበለጠ ባለቤት ያለው ሶፍትዌር የት ይገኛል? ኤክሴል የጂን ስም ሲጻፍበት ቀን ነው ብሎ ይቀይራል፣ «ማርች1» የሚባለውን ጂን መጋቢት 1 በፈረንጅ ያደርገዋል፣ «ሴፕት1» የሚባለውንም እንደዛው። ችግሩ በጆርናል ላይ የተጻፈው በ2004 ነው። ከዛ ዓመታት አለፉ፣ በሺዎች በሚቆጠሩ የታተሙ ሠንጠረዦች ውስጥ ስሙ እየተበላሸ ወጣ። በ2020 የሰው ጂን ስም የሚያወጣው ኮሚቴ ተስፋ ቆርጦ የጂኖቹን ስም ቀየረ፣ ማርች1 «ማርችኤፍ1» ሆነ፣ ሴፕት1 ደሞ «ሴፕቲን1»። ኤክሴል ይሄንን ልማድ ማጥፊያ ሴቲንግ ያመጣው በ2023 ነው። ልብ በሉ፣ የሰው ልጅ ጂን ቀድሞ ስሙን ቀየረ፣ ሶፍትዌሩ በኋላ ደረሰ። ስልክ ነበረው እኮ።

ሌላም ልጨምር፣ ይሄ የራሴ ነው። አንድ ላብ ውስጥ ያለ መሣሪያ አሁንም የሚሠራው በዊንዶውስ ኤክስፒ ነው፣ መሣሪያው ራሱ ምንም አልሆነም፣ ሶፍትዌሩን የሠሩት ሰዎች አዲስ ሞዴል ግዙ ብለው ቆመዋል። ያ ኮምፒውተር ኔትወርክ ላይ አይገባም፣ ዳታው በፍላሽ ነው የሚወጣው፣ ሃርድ ዲስኩ በተንቀጫቀጨ ቁጥር ሰው ሁሉ ይደነግጣል። በተቃራኒው እዛው ክፍል ውስጥ ከሱ በዕድሜ የሚበልጥ መልቲሜትር አለ፣ በጂፒአይቢ የሚያወራ፣ በ1975 አይትሪፕልኢ 488 ተብሎ ስታንዳርድ በሆነው መስመር። ትዕዛዙ ማኑዋሉ ላይ ተጽፏል፣ ተራ ጽሑፍ ነው፣ ፓይቪዛ በሚባለው ኦፕን ሶርስ ላይብረሪ ሁለት ቀን ፈጅቶብኝ ድራይቨሩን ጻፍኩለት፣ ኮምፒውተሩ ሦስቴ ተቀይሮበታል፣ መልቲሜትሩ ደንታም የለው።

«ኦፕን ሶርስ ዕድሜ የለውም» የሚሉት ነገርማ ከየት እንደመጣ አላውቅም። ኢሜጅጄ ከ1997 ጀምሮ አለ፣ የአሜሪካው ብሔራዊ የጤና ኢንስቲትዩት ውስጥ ዌይን ራስባንድ የጀመረው፣ ማይክሮስኮፕ የነካ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ማይክሮማኔጀር ከ2005 ጀምሮ የተለያየ ኩባንያ ካሜራና ስቴጅ በአንድ ፕሮግራም ያዛል። የትልልቅ መሣሪያዎች መቆጣጠሪያ የሆነው ኤፒክስ ደሞ ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሎስ አላሞስና አርጎን ላይ ተሠርቶ ዛሬ አክስለሬተሮችን፣ ቴሌስኮፖችን፣ የስበት ሞገድ የሚያደምጠውን ላይጎን ሳይቀር እያገለገለ ነው።

እርግጥ ነው ሁሉም እንደነሱ አይደለም። አንድ ተማሪ ለመመረቂያው ጽፎት የሄደ ላይብረሪ ብዙ አለ፣ ዛሬ ተመርኩዛችሁበት ነገ የሚወድቅ። ስለዚህ ከመያዛችሁ በፊት እዩት፦ መጨረሻ የተነካው መቼ ነው፣ ስንት ሰው ነው የያዘው፣ ቴስት አለው ወይ፣ ላይሰንስ አለው ወይ። የምትጠቀሙትን ቨርዥን ቁጥሩን ጽፋችሁ ቆልፉት። ፓይተን 2 ጥር 2020 በፈረንጅ ድጋፉ ሲያበቃ ስንት የላብ ስክሪፕት ሜዳ ላይ እንደቀረ የደረሰበት ያውቀዋል።

አሁን ጸሐፊው እንደ ዋና ማስረጃ ወዳቀረቡት ልምጣ። የ2019ኙን የኬሚስትሪ ስክሪፕት ጉዳይ ጠቅሰው «ኦፕን ሶርስ ያመጣው ጣጣ» ብለዋል። ታሪኩ እውነት ነው፣ ግን ግማሹን ነው የነገሩን። በ2014 ከአንድ የታወቀ ጽሑፍ ጋር የወጣ የፓይተን ስክሪፕት አለ፣ ለኤንኤምአር (ሞለኪውል በማግኔት የሚጠናበት ዘዴ) የተሰላ ኬሚካል ሺፍት የሚባለውን ቁጥር የሚያወጣ። ስክሪፕቱ ፋይሎችን በዝርዝር ሲያነብ በቅደም ተከተል ይመጣሉ ብሎ ያምናል፣ ፓይተን ግን ያንን ቃል አልገባም፣ ቅደም ተከተሉ እንደ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ይለያያል። ስለዚህ አንዱ ማክ ላይ አንድ መልስ፣ ኡቡንቱ ላይ ሌላ መልስ፣ ኮዱም ዳታውም ሳይቀየር። ይሄን ያገኙት የሃዋይ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ናቸው። መልሱ ሲለያይባቸው ስክሪፕቱን ከፈቱት፣ አነበቡት፣ ፋይሎቹ ይደርደሩ የሚል መስመር የጎደለው መሆኑን አዩ። ከዛ ስክሪፕቱን የተጠቀመ ሁሉ የራሱን ቁጥር በተስተካከለው ደግሞ ማየት ቻለ።

ይሄንን ከሌላ ታሪክ ጋር አስተያዩት። በ2006 የፕሮቲን ቅርጽ የሚያጠና አንድ የታወቀ ላብ አምስት ጽሑፎች ሰርዟል፣ ሦስቱ ሳይንስ ላይ የወጡ። ምክንያቱ እዛው ላብ ውስጥ የነበረ፣ ከሌላ ቦታ የተወረሰ የዳታ ማቀነባበሪያ ፕሮግራም ነው፣ ሁለት ዓምድ እያገላበጠ ምልክት ይቀይር ነበር፣ ቅርጹም ተገልብጦ ወጣ። ያንን ኮድ ከላቡ ውጪ ማን አየው? ስህተቱ የታወቀው ስዊዘርላንድ ያለ ሌላ ቡድን የተቀራራቢ ፕሮቲን ቅርጽ አውጥቶ ሳይገጥም ሲቀር ነው።

ሐቁን ለመናገር ሁለቱም ላይ ስህተቱ እስኪታወቅ አምስት ዓመት ገደማ ፈጅቷል። ኮድ ክፍት ስለሆነ ብቻ ሰው ቁጭ ብሎ አያነበውም፣ ይሄንን ጸሐፊው ቢሉ ኖሮ እጄን አነሳ ነበር። ግን አንዱ ጋ የተጠራጠረ ሰው ኮዱን ከፍቶ ማየት ይችል ነበር፣ ሌላኛው ጋ የተጠራጠረ ሰው ሌላ ክሪስታል ማብቀል ነበረበት።

«ሴኩሪቲ፣ ስርቆት።»

የኤክስዜድን ነገር አንስተዋል። ልክ ነው፣ በመጋቢት 2024 በፈረንጅ አንድ ሰው ሁለት ዓመት ታማኝ መስሎ ሲሠራ ቆይቶ ኤክስዜድ የሚባለው መጭመቂያ ውስጥ የኋላ በር አስገብቶ ተገኘ። ያገኘው አንድሬስ ፍሮይንድ የሚባል ኢንጂነር ነው፣ በኤስኤስኤች (ከርቀት ኮምፒውተር ውስጥ መግቢያ) ሲገባ ግማሽ ሰከንድ ገደማ ዘገየበት፣ ለምን ብሎ ቆፈረ። አስፈሪ ነው። ነገር ግን አንድ ዝርዝር ተዘሏል፦ ተንኮሉን የሚያስነሳው ቁራጭ ጊት ሪፖው (ኮዱ ከነታሪኩ የሚቀመጥበት) ውስጥ አልነበረም፣ ለማውረድ በተዘጋጀው ታርቦል (የታሸገ ፋይል) ውስጥ ብቻ ነው የነበረው። ማለትም የተደበቀው ታሪኩ ከማይታይበት ቦታ ነው። ይሄ ለፎልደር ክርክር የሚረዳ አይመስለኝም።

ስርቆቱን በተመለከተ ደሞ ጊትና ጊትሃብ አንድ አይደሉም፣ ስንት ጊዜ ይባል። ጊት 2005፣ ጊትሃብ 2008። ጊት ኢንተርኔት አይፈልግም፣ የጋራ ድራይቭ ላይ ወይ ፍላሽ ላይ ባዶ ሪፖ ፈጥራችሁ ፑሽና ፑል ማድረግ ትችላላችሁ፣ ያ የኤክስፒ ኮምፒውተር እንኳን ስክሪፕቱ እንዲህ ነው የሚጠበቀው፣ ፍላሹ ወደ ሌላ ማሽን እየሄደ። ስታሳትሙ መክፈት ከፈለጋችሁ ክፈቱ፣ ያኔ ግን ላይሰንስ ጨምሩበት፣ ላይሰንስ የሌለው ኮድ ስለታየ ብቻ ሰው እንደፈለገ ሊጠቀምበት አይፈቀድለትም። የዛን ቀኑንም ቨርዥን ሰርን ያለው ዜኖዶ ላይ አስቀምጡት፣ ዲኦአይ የሚባል ቋሚ መለያ ይሰጠዋል።

«ኦዲተር አይቀበልም።»

ሁለተኛው እውነታቸው እዚህ አለ፣ ግን እሳቸው ባሰቡት በኩል አይደለም። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ የኤፍዲኤ ደንብ፣ 21 ሲኤፍአር ፓርት 11፣ ከ1997 ጀምሮ የሚጠይቀው ማን መቼ ምን እንደቀየረ በሰዓት የሚመዘግብ ኦዲት ትሬል ነው። የላቦች ስታንዳርድ የሆነው አይኤስኦ/አይኢሲ 17025 በ2017 እትሙ ሶፍትዌር ሲቀየር ለውጡ ተፈቅዶ፣ ተመዝግቦ፣ ተፈትሾ ይሁን ይላል። ጊት ክልክል ነው የሚል የለም፣ ፎልደር ይበቃል የሚልም የለም።

ችግሩ ያለው ጊት ስላለን አሟልተናል ብለን ስናስብ ነው። ኮሚት ላይ ያለው ስም እኮ እኛ የጻፍነው ስም ነው፣ የናፖሊዮንን ስም ብትጽፉ ይቀበላል። ሰዓቱም ከኮምፒውተሩ የሚወሰድ ነው፣ ማስቀየር ይቻላል። ታሪኩንም በሪቤዝና በፎርስ ፑሽ መልሶ መጻፍ ይቻላል። ስለዚህ ኦዲት ያለበት ላብ ከሆነ ዋናው ሪፖ ሰርቨር ላይ ይሁን፣ መግቢያው በግል አካውንት ይሁን፣ ዋናው ብራንች ተቆልፎ ሁለተኛ ሰው ሳያየው አይግባ፣ ኮሚቱ ይፈረም። ከዛ ቀጥሎ የቫሊዴሽን ወረቀቱ አለ፣ እሱን ጊት አይጽፍላችሁም። ይሄን ብለው ቢጽፉ ኖሮ ምላሽ አልጽፍም ነበር።

«ተማሪ ጊዜ የለውም።»

ኢኒት፣ አድ፣ ኮሚት፣ ሎግ፣ ዲፍ። አምስት ትዕዛዝ ነው፣ የመጀመሪያው ወር ብራንች የሚባል ቃል አይነሳ። እኔ ለአዲስ ተማሪ የምነግረው አንድ ሕግ ብቻ ነው፣ መለኪያ ከመጀመርህ በፊት ኮሚት አድርግ። መርጅ ኮንፍሊክት ሲመጣ ያለቅሳሉ፣ እኔም አልቅሻለሁ፣ ያኔ አብረን ቁጭ ብለን እንፈታዋለን። ይልቅ ጊዜ የሚወስደው መልእክቱን አስተካክሎ መጻፍ ማስለመድ ነው፣ «ባግ ተስተካከለ» ብሎ መጻፍ ምንም አይጠቅምም፣ «ቴርሞሜትር 3 ስለተቀየረ ኮፊሸንቱ ወደ 0.00385 ተመለሰ» የሚል ግን ከሦስት ወር በኋላ ስድስት ሳምንት ያድናል።

ጸሐፊው መጨረሻ ላይ «ትልልቆቹ ግኝቶች ያለ ጊት ነው የተገኙት» ይላሉ። አዎ። በላብ ኖትቡክ ነው የተገኙት፣ ገጹ ቁጥር ያለው፣ የተጠረዘ፣ በእስክሪብቶ የሚጻፍ፣ ሲሳሳቱ አንድ መስመር ሰርዘው የድሮው እንዲነበብ የሚተውት፣ ቀንና ፊርማ ያለበት። እርስዎም እዛው ጽሑፍዎ ውስጥ ከኖትቡክ ገጽ የቀደደ ተማሪ እንደሚቆጡ ጽፈዋል፣ ደስ ብሎኝ ነው ያነበብኩት። ስክሪፕቱ ላይ ያለውን ቁጥር አጥፍቶ አዲስ የጻፈውስ?

ፎልደሮቹን እንዳይጥሏቸው ግን፣ ይሄ ከልቤ ነው። «ፋይናል»ን አስገብቶ ኮሚት፣ ከላዩ ላይ «ፋይናል2»ን ገልብጦ ኮሚት፣ እንዲያ እያለ ታሪኩ ወደ ጊት ይገባል። እኔ አንድ ቅዳሜ 31 ፎልደር እንደዚህ አስገብቻለሁ። ዘጠኙ ላይ ጊት ኮሚት የሚደረግ ለውጥ የለም አለኝ፣ ከፊታቸው ከነበረው ጋር አንድ ዓይነት ነበሩ።